ባሕር ውስጥ የቆመው መልክተኛ

ጠጋ ጠጋ በሉማ፣ ተረት ላወጋችሁ ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ በባሕር መካከል አንዲት ደሴት ነበረች። ከትንሽነቷ የተነሣ በዚህ ዳር ያስነጠሰውን በዚያ ዳር ያለው «ይማርህ» ይለዋል። ያም ሆኖ ራሷን የቻለች አገር ናት። የራሷ ሕግ አላት፣ የራሷ ታሪክ አላት፣ ኩራቷማ ከስፋቷ ይበልጣል።

ከሕጎቿ አንዱን ልንገራችሁ። በሸንጎ የሚናገር ሁሉ ባሕር ውስጥ ገብቶ፣ ውሃው ጉልበቱ ድረስ ሲመጣ ቆሞ ይናገራል። ባሕሩ ሲነጋ ይሸሻል፤ ረፋዱ ላይ እየሞላ ይመለሳል። ተናጋሪው ጉዳዩን ሳይጨርስ ከውሃው ከወጣ ነገሩ ቀረ፤ እስከ ከርሞ አይነሣም። እንዲህ የደነገጉት አያቶች ናቸው። አንድ አለቃ ስለ ዓሣ ማጥመድ ጥቅም ሲናገር ሲናገር የዓሣው ወራት አልፎ አገር ጦሙን አደረ፤ ሕጉ የወጣው ያን ጊዜ ነው። እኛ የየብስ ሰዎች ይህ ሕግ አያሻንም። የእኛ ተናጋሪዎች ቁጥብ ናቸው።

የደሴቷ ሽማግሌ እመት ኤሊ ነበረች። እዚያ አገር መጽሐፍ የለም፤ የተነገረ ሁሉ በቃል ይያዛል። እመት ኤሊም አንዴ የሰማችውን አትረሳም። በዚያ ሰሞን እንቁላሎቿን በምሥራቁ አሸዋ ቀብራ፣ ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር። እሷ የትም ትሁን፣ ልቧ እዚያ አሸዋ ውስጥ ነው።

አንድ ጠዋት ከየብስ ታንኳ መጣ። ከታንኳው ጅብ ወረደ፣ ትከሻው ላይ ቁራ ተቀምጧል። ጅቡ የአንበሳ መልክተኛ ነው። ቁራው ደግሞ የአንበሳ ጆሮ ነው፤ መልክተኛው ያለውን ሁሉ ለጌታው ያደርሳል። ጅብ እግሩ አሸዋ እንደነካ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከዱሩ ሁሉ ጌታ፣ ከሰባቱ ሸለቆ አባት፣ ሲያዛጋ ደመና ከሚበትነው፣ ሲያስነጥስ ዛፍ ከሚያጎነብስለት፣ ወንዝ ጠጥቶ ከማይረካው፣ ተኝቶ ከሚያሸንፈው . . .»

ይህ መግቢያው ነው። ሙሉውን ብነግራችሁ ከዚህ የምትነሡት ጢም አብቅላችሁ ነው።

እመት ኤሊ እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «እንኳን ደህና መጡ ጌታው» አለች። «እነዚያ ሁሉ ደህና ናቸው?»

«ሁሉም አንድ ናቸው።»

«ይቅር ይበሉኝ። ትንሽ አገር ስለሆንን አንዱ ይህን ሁሉ ሲሆን አይተን አናውቅም።»

ጅብ ጎንበስ አለ። «ስሚ አንቺ ድንጋይ አዛይ። ጌታዬ የምሥራቁን አሸዋ ይፈልጉታል። እንቁላሉ ለማዕዳቸው ነው።»

የእመት ኤሊ አንገት ወደ ውስጥ ሊሸሽ ሲል እንደምንም መለሰችው። «በኃይል ነው በውድ?»

«በውድ ነው እንጂ። ጎረቤት እያየን በኃይል ይደረጋል? በወጋችሁ፣ በሸንጎአችሁ እጠይቃለሁ። እንቢ ካላችሁ ግን ጌታዬን ናቃችሁ ማለት ነው፤ ንቀት ደግሞ ጦር ያስነሣል።»

ይህ የታላቅ አገር ደግነት ነው፤ ትንሽ አገር አይገባውም። እመት ኤሊ ግን አሰበች። እሺ ብትል ልጆቿ ሊበሉ ነው፤ እንቢ ብትል አገሯ ልትጠፋ ነው። የሚሻለው ጥያቄው ባይጠየቅ ነው። ቀና ብላ ባሕሩን አየችና፣ «በሉ ይግቡ ጌታው፣ ሸንጎው ተሰብስቧል» አለች።

ጅብ እስከ ጉልበቱ ገባ። ቁራው አጠገቡ ካለች ድንጋይ ላይ ሰፈረ።

«ከዱሩ ሁሉ ጌታ፣ ከሰባቱ ሸለቆ አባት . . .»

እያለ ወረደ። ድምፁ ያማረ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ መልክተኛ ነው፣ አይካድም። ውሃው ሆዱን ሲነካው ግን ደነገጠና ቸኮለ። «ሲያዛጋ ደመና ከሚበትነው፣ ተኝቶ ከሚያሸንፈው . . .»

«ጌታው፣ ይቅርታ» አለች እመት ኤሊ ከዳር። «ዛፍ የሚያጎነብስላቸውንና ወንዝ ጠጥተው የማይረኩትን ዘለሏቸው። ጠዋት ነበሩ።»

ቁራው አንገቱን ሰበር አድርጎ ጅቡን አየው። ከጌታው ስም አጉድሎ የተናገረ መልክተኛ ምን እንደሚደረግ ጅብ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ካለፈው መልክተኛ አጥንት ደርሶታልና።

«ከዱሩ ሁሉ ጌታ . . .» ብሎ እንደገና ጀመረ።

ውሃው ደረቱ ደረሰ። አሁንም አንዱን ስም ዋጠ። ከድንጋይ ሥር ሸርጣን ብቅ አለና፣ «የሰባቱ ሸለቆ አባትስ ምን አጠፉ?» አለ።

«ከዱሩ ሁሉ ጌታ . . .»

ውሃው አንገቱ ደረሰ። ጅብ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ «እመቤቴ፣ ባይሆን ጉዳዩን ላስቀድም?» አለ። አሁን «አንቺ» ቀርቷል።

«እኔማ ምን ገዶኝ» አለች እመት ኤሊ። «እሳቸውን ይጠይቁ» ብላ ወደ ቁራው አመለከተች።

ቁራው ሊሰማ ጠጋ አለ። ጅብ ደግሞ ከዱሩ ሁሉ ጌታ ጀመረ፤ ሰባቱ ሸለቆ ላይ ባሕር አፉን ሞላው። እያስነጠሰ፣ እየተንገዳገደ ወጣ። ጉዳዩም እስከ ከርሞ ቀረ።

አገራቸው ሲመለሱ አንበሳ ቁራውን ጠየቀው። «ስሜን ሰሙ?»

«ደጋግመው ሰሙ ጃንሆይ። እሱ የዘለለውን እንኳ ያስታወሱት እነሱ ናቸው።»

አንበሳ ደስ አለው። «እንዲህ የሚያከብረኝ ሕዝብ ላይ ጦር አልልክም። ከእንግዲህ ‹ባሕር ማዶ የተከበረው› የሚል ይጨመርልኝ» አለ። ጅብም ይህን ስም ሊያጠና ተቀመጠ።

የእመት ኤሊ ልጆች በሳምንቱ አሸዋውን ፈንቅለው ወጡ፣ እየተጋፉም ባሕሩ ገቡ። መልክተኛው ግን በየዓመቱ ይመጣል። በየዓመቱ የጌታው ስም ይረዝማል፣ በየዓመቱ ውሃው ይቀድመዋል። ትንሿ ደሴትም ጦር ሳትመዝ፣ እንቢ የምትል ቃል ከአፏ ሳትወጣ፣ አገር ሆና ትኖራለች። ሰዎቿም እንዲህ ይተርታሉ፦

የጌታውን ስም ሲደረድር፣ ጉዳዩን በላው ባሕር።