ለጉሎው የተረፈው መድኃኒት

አንዲት ሴት ነበረች፤ አርባ ምንጭ አካባቢ። ዘርፌ እንበላት። ጓሮዋ ጎመን ነው፣ አጥሯ ጉሎ። የጉሎውን ቅጠል እየለቀመች በጓዳዋ አምስት ሰፌድ ሙሉ የሐር ትል ታረባለች። ታዲያ ትል ብላ ጠርታቸው አታውቅም። «ልጆቼ» ነው የምትላቸው። «ልጆቼ በሉ? ልጆቼ ተኙ?» ባሏ ኦይቻ ምሳ ሲዘገይበት «እኔንም ሰፌድ ላይ አስተኚኝና ልብላ» ይላት ነበር።

ያን ዓመት ሴት ልጇ ልታገባ ነው። ዘርፌም «ልጄ የምትዳረው እኔ ባረባሁት ሐር በተሸመነ ነጠላ ነው» ብላ ለአገር ምድሩ ተናግራለች።

ጎመኑን ግን ትል ወንፊት አደረገው። ለግብርና ባለሙያው ብትነግረው በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጣት። «እትዬ ዘርፌ፣ ይሄ ከረቂቅ ተሕዋስ የተሠራ ነው። ሰው አይጎዳም፣ ንብ አይጎዳም። ቅጠሉን የበላውን ትል ብቻ ነው የሚገድለው» አላት።

ትል ብቻ! ዘርፌ ምን ቸገራት? እሷ ቤት ያሉት ልጆች ናቸው።

ጎመኑን ረጨች። ከመርጫው ሥር ትንሽ ተረፈ። ይደፋ? አሳዘናት። «ለልጆቼም ቅጠላቸውን ይጠብቅላቸው» ብላ የተረፈውን ጉሎው ላይ አርከፈከፈችው። እዩ እንግዲህ፣ በክፋት አይደለም። በፍቅር ነው።

በማግስቱ ከዚያው ቅጠል ቆርጣ ሦስቱን ሰፌድ አበላች። ለሁለቱ ስላልበቃት ከጎረቤት ጉሎ ለምና አመጣች። ሌላ ቀን ሲበሉ ድምፃቸው ከደጅ ይሰማል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብትገባ ጓዳው ጭር ብሏል። ሦስቱ ሰፌድ መብላት አቁመዋል። ደንግጣ ባሏን ጠራችው።

«ምን ሰጥተሻቸው ነው?» አላት።

«የአጥሩን ጉሎ።»

«መድኃኒት የረጨሽበትን?»

«ትል ብቻ ነው የሚገድለው ተብያለሁ እኮ።»

ኦይቻ ሰፌዱን አየ፤ እሷን አየ። «እነዚህስ ምንድን ናቸው?» አላት ቀስ ብሎ።

ዘርፌ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ትል» አለች። በዚያ ቃል ስትጠራቸው የመጀመሪያዋ ነው። አለቀሰችም።

ሦስቱ ሰፌድ አለቁ። የጎረቤት ቅጠል የበሉት ሁለቱ ግን ሐራቸውን ሠሩ። ሠርጉ ሲደርስ ነጠላው የጥጥ ሆነ፣ ጥለቱ ብቻ ሐር። «ዘርፌ፣ የቀረው ሐር የት ገባ?» ሲሏት፣ «ወጡ ውስጥ ፈልጉት» ትላቸው ነበር። ጎመኑ ከገበታው ሁሉ አምሮ ነበርና።

ወገኖቼ፣ መድኃኒቱ መጥፎ ነበር? አልነበረም። ጎመኑን አድኗል። ቁጣም ቦታ አለው፤ ተግሣጽም ቦታ አለው። የተረፈውንስ የት ረጨነው?

ሥራ ቦታ የጀመረውን ቁጣ ሳይጨርስ፣ ቀሪውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ስንቱ ነው? ገበያ ላይ ተጨቃጭቃችሁ የመጣችሁ፣ የቀረውን ለማን ሰጣችሁ? ለእንግዳ ቃል ትመርጣላችሁ። ለራሳችሁ ሰው ሲሆን ግን «የኔ ነው፣ ይችለዋል» ትላላችሁ። ስለምትወዱት ብቻ የማይጎዳ ይመስላችኋል። ዘርፌም እንዲሁ ነበር የመሰላት።

ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ በር ላይ ቁሙ። ከዋላችሁበት የተረፈ ነገር በእጃችሁ ካለ እዚያው ድፉት። አያሳዝናችሁ። ከዚያ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። የልጆቻችሁ ድምፅ ከደጅ ይሰማል? እንግዲያው እግዚአብሔርን አመስግኑና ግቡ።