ተቀባይ ያጣው ጉሬዛ

ልጆች ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን አውሱኝ። በድሮ ዘመን፣ አውሬና ሣር በል ባንድ ሰርግ በሚጨፍሩበት ጊዜ፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር አንድ ጉሬዛ ይኖር ነበር። ያንን ነጭና ጥቁር ካባውን ደርቦ በየሰርጉ ግጥም ያወጣል፤ ከእግሩ ሥር የተቀመጠችው እመት ኤሊ ደግሞ «እሰይ እሰይ፣ ደስ ይበላችሁ!» እያለች ትቀበለዋለች። ሲጨርሱ ሁሉም «አያ ጉሬዛ፣ አንጀት አርስ!» ብለው ሾላ ያሸክሙታል። እመት ኤሊን ግን ዞር ብሎ ያያት የለም።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። ወንዙ ደርቆ ውሃ ያለው በአያ አንበሶ ኩሬ ውስጥ ብቻ ሆነ። አያ አንበሶም ልጁን ሊድር ሲደግስ እንዲህ ሲል አስነገረ፦ «ሰርጌን ያደመቀልኝ ከነቤተሰቡ ከኩሬዬ ይጠጣል። ያቀዘቀዘብኝ ግን እዚያ ድርሽ እንዳይል!»

የጉሬዛ ልጆች ከንፈራቸው በጥም ተሰነጣጥቆ ነበርና አባታቸው ፈነደቀ። ዳሩ ግን ስስት ሹክ አለችው። «እመት ኤሊ ያንኑ ከመድገም በቀር ምን ትሠራለች? ውሃውን ለምን ትሻማኛለች?» አለ በልቡ።

ሄዶም «እመት ኤሊ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዘንድሮ እረፊ» አላት።

«እንዳልክ፤ ይቅናህ» አለችው፣ ምስኪን።

ሰርጉ ደረሰ። ጉሬዛ ዳሱ መሃል ቆሞ ጀመረ፦

«የዱሩ ጌታ ልጁን ሲድር፣
ማነው ከቤቱ ተኝቶ የሚያድር!»

ሁልጊዜ እመት ኤሊ ስትቀበል እሱ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ የሚቀጥለውንም ግጥም ያስባል። ይህን ግን ልብ ብሎት አያውቅም ነበር። አሁን እሱ ዝም ሲል ዳሱም ዝም አለ። ሌላ ግጥም ቢፈልግ ከየት ይምጣ! ያንኑ ደገመው፤ ሠለሰው። ትንፋሹ አጠረ። አጨብጫቢው ምቱ ጠፋው፤ አያ ጅቦ አዛጋ።

«ጉሬዛ፣ ይህን ሰማን እኮ! ሌላ የለህም?» አለ አያ አንበሶ ጭራውን መሬት ላይ እየመታ።

ጉሬዛ ልጆቹን አሰበና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይሄኔ ከእንግዶቹ ኋላ፣ «እሰይ እሰይ፣ ደስ ይበላችሁ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። እመት ኤሊ ናት፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ ቀስ ብላ መጥታለች። አጋዘን መሬቱን በሰኮናዋ መታች፤ ጅቦ ማዛጋቱን ትቶ ትከሻውን ሰበቀ። ጉሬዛ አየር ሳበ፤ ግጥሙም መጣለት! ከዚያማ ዳሱ ተናጋ፤ ሙሽራዋ ሳትቀር ተነሥታ ጨፈረች።

«አያ ጉሬዛ፣ አንጀት አርስ!» አሉ ሁሉም። አያ አንበሶም «ሂድ፣ ከነልጆችህ ጠጣ» አለው።

ጉሬዛ ግን እግሩ አልሄድ አለው። «ጌታዬ፣ ሰርግዎን ያደመቀችው እመት ኤሊ ናት። ውሃውን ለብቻዬ ብዬ እኔው አስቀርቻት ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያው እሷ ሳትጠጣ አንተም ልጆችህም ጠብታ አትቀምሱም!» ሲል ፈረደ አያ አንበሶ።

የኤሊን እርምጃ መቼም ታውቁታላችሁ። ጉሬዛ አዝሏት፣ ልጆቹን አስከትሎ ቁልቁል ወደ ኩሬው ሮጠ።

«ይህን ያህል በድዬሽ ለምን ተቀበልሽኝ?» አላት እያለከለከ።

«ልጆችህ ሲጠማቸው እያየሁ ዝም ልበል? አንጀቴ አልችል አለኝ» አለችው።

እሷ ጠጣች፤ ልጆቹም ጠጡ። ከዚያ ወዲያ ጉሬዛ ሾላ ሲሸለም መጀመሪያ የሚያጎርሰው እሷን ሆነ። እናንተም በሩ ሳይጮህ ሲከፈትላችሁ፣ ማጠፊያውን ማን ቅባት እንደቀባው ጠይቁ።

አውጪ አፍ ቢኖረው፣ ትንፋሹ ከተቀባይ ነው።