ለወለላ ያልተሰጠው አገር

የጃርት ልጅ ወለላ በበልግ ሞተች።

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ፤ ነገሩ የሆነው ወንዝም፣ ቆዳም፣ ቅጠልም አፍ በነበራቸው ዘመን ነው።

ወለላ እንቆቅልሽ ትወድ ነበር። ጠዋት ስትነሳ «እንቆቅልህ» ትላለች፤ አባቷ «ምን አውቅልሽ» ይላል። ካወቀ ታኮርፋለች። ካቃተው አገር ይሰጣታል፤ አገሩን ተቀብላ መልሱን ትነግረዋለች። እንዲህ እያለች ቆላውንም ደጋውንም ከአባቷ ወስዳ ጨርሳ ነበር። የቀረው ጎሬያቸው ያለበት ኮረብታ ብቻ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦ «ሲወጋኝ አያመኝም፤ ሲርቀኝ ያመኛል።»

ጃርት አሰበ፣ አሰበ፣ አቃተው።

«አገር ስጠኝ» አለችው።

«ኮረብታውንም ከሰጠሁሽ እኔ የት ልደር ነው? እስከ ነገ ላስብበት» አላት።

በማግስቱ ትኩሳት ያዛት። በሦስተኛው ቀን መልሱን ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ስሟን የሚጠራ ጠፋ። ጎረቤቶቹ እንዳይከፋው ብለው ስሟን ዋጡት። ጃርት ግን ስሟ ከአፍ እንዳይጠፋ ፈለገ። ጥላሸትና ሙጫ በጠበጠ፣ የደረቀ የኮባ ቅጠል ሰበሰበ፣ ከጀርባው እሾህ እየነቀለ የልጁን እንቆቅልሾች ጻፈ። አንድ ቅጂ አንድ እሾህ ይጨርሳል። ሰባት ቅጂ ሲሞላ ጀርባው ላይ መላጣ ወጣ። በመጨረሻው ገጽ ያችን እንቆቅልሽ ጻፈና ከሥሯ ያለውን ባዶ ተወው።

«በል ክፈተኝ» አለው መጽሐፉ።

«ዝም በል» አለ ጃርት። «መጀመሪያ ይነገርልህ። ያልተነገረለትን መጽሐፍ ማን ያነባል?»

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ከከፈተው የመጨረሻው ገጽ መምጣቱ አይቀርም ብሎ ፈርቶ ነው።

በዚያ አገር ወሬ ነጋሪዎች ሦስት ነበሩ። ጃርት ቅጂዎቹን ተሸክሞ በጠዋት ወደ አውራ ዶሮ ሄደ። አውራ ዶሮ አጥር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጃርት መጽሐፍ መጻፉን ነገረው፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጮህለት ለመነው። ዶሮ መቼ እንዳለቀ ጠየቀ። ሳምንት ሆኖታል አለ ጃርት።

«አያ ጃርት፣ እኔ የምጮኸው የዛሬን ነው። የሳምንት ፀሐይ አውጥቼ አላውቅም። ለማንኛውም አንድ ቅጂ ተውልኝ፣ አየዋለሁ።»

«ክፈተኝ» አለ መጽሐፉ ከብብቱ ሥር።

«ዝም በል፣ መጀመሪያ ይነገርልህ።»

ቅጂውን ትቶ ሄደ። ዘወር ብሎ ሲያይ የአውራ ዶሮ ሚስት ዶሪት ከእንቁላሎቿ ሥር ስታነጥፈው አየ።

እኩለ ቀን ላይ ሁለተኛው ወሬ ነጋሪ ቁራ ከሚኖርበት ዋርካ ሥር ደረሰ። ቁራ መጽሐፉን ዞር ብሎም አላየው። ልጅቷ እንዴት እንደሞተች፣ ስትሞት ምን እንዳለች፣ አባትየው ደረቱን ደቅቶ እንደሆነ ጠየቀ።

«ቅጠሉን ተወው» አለ። «ለቅሶውን ስጠኝ፤ ዛሬውኑ አገር ሁሉ ያወራዋል።»

«ስሟንስ ትጠራለህ?»

«ስም ምን ያደርጋል? ‹አንዲት ጃርት› እላለሁ።»

የጃርት እሾህ ቆመ። «ክፈተኝ» አለ መጽሐፉ። «ዝም በል» አለ ጃርት፤ መንገዱን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ በአንበሳ ደጅ ወደተሰቀለው ነጋሪት ደረሰ።

«ድምፄ ሰባት ተራራ ይሻገራል» አለ ነጋሪት። «ግን ካልጎሰሙኝ አልናገርም።»

«እኔ ልጎስምህ?»

«በምንህ? በመላጣህ?»

ነጋሪት፣ አንበሳ እንዲጎስመው ነብር አንበሳን መጠየቅ አለበት አለ፤ ነብር እንዲጠይቅ ደግሞ ቀበሮ መፍቀድ አለበት። ጃርት ቀበሮን ጠየቀ። ቀበሮ «ነገ ና» አለው።

‹ነገ› የምትለው ቃል ጃርትን ወጋችው። «ክፈተኝ» አለ መጽሐፉ። አሁን ጃርት ዝም በል አላለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዝ ዳር ደረሰ። እመት ኤሊ ውሃው ውስጥ ቆማለች። ምን እንደተሸከመ ጠየቀችው፤ መጽሐፍ ነው አላት።

«ምን ይላል?»

ቀኑን ሙሉ ይህን የጠየቀው አልነበረም። ጃርት ከፈተው።

«እንቆቅልሽ» አለ መጽሐፉ።

«ምን አውቅልህ።»

«ተኝቶ የሚሄድ፣ ሄዶ የማያልቅ።»

እመት ኤሊ እባብ አለች፤ አይደለም። ጥላ አለች፤ አይደለም። የቆመችበት ወንዝ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«እግርሽን እያጠብኩሽ፣ እመት ኤሊ» አላት።

ሳቁን ሰምታ ሚዳቋ መጣች። ጦጣ መጣ። ዶሪትም ቅጂዋን ታቅፋ መጣች፤ ባሏ እንቁላሉ በረደ እያለ ይከተላታል።

«ከጠዋት ጀምሮ አራተኛዋ አቅታኛለች» አለች ዶሪት። «ማን ነው ያመጣት?»

«ወለላ» አለ ጃርት።

«ወለላ ጭንቅላቴን አደረቀችው።»

ስሟን ተቀባበሉት። ወለላ ሌላስ ምን አለች አለ ጦጣ። የወለላን አንዴ ድገምልን አለች ሚዳቋ። ገጹ እየተገለጠ እየተገለጠ መጨረሻው ደረሰ። ጃርት ገለጠው፤ መልሱን እሱም እንደማያውቀው ነገራቸው።

«ሲወጋኝ አያመኝም፤ ሲርቀኝ ያመኛል» አለ መጽሐፉ።

ጦጣ ንብ አለ። ሚዳቋ ፀሐይ አለች። እመት ኤሊ አንገቷን ወደ ጃርት ዘረጋች።

«እኔ ልብሴ ድንጋይ ነው፤ ልጆቼን አቅፌ አላውቅም» አለች። «አያ ጃርት፣ አንተ ስታቅፋት እሾህህ አይወጋትም ነበር?»

«ይወጋታል። ተጠንቀቂ እላት ነበር።»

«ትጮኻለች?»

«ጮኻ አታውቅም።»

«እንግዲያው መልሱ አንተ ነህ።»

ከዚያ አውራ ዶሮ ማንም ሳይለምነው ድንጋይ ላይ ወጣና የወለላን ስም ጠርቶ ጮኸ። ያለ ሰዓቱ ጮኾ ክፉ ያልተባለው ያን ቀን ብቻ ነው። ቁራም ከዋርካው ሰምቶ ስሟን ሳያጎድል አቀበለ። ነጋሪት እስከ ዛሬ የሚጎስመውን እየጠበቀ ነው። ሽማግሌዎች «ያልተገለጠ መጽሐፍ፣ ነጋሪት ቢጎሰምለትም ድዳ ነው» የሚሉት ለዚህ ነው።

ጃርት ቅጂዎቹን አድሎ አንዱን ይዞ ተመለሰ። ከጀርባው አንድ እሾህ ነቅሎ በባዶው ቦታ መልሱን ጻፈ። ከዚያ ልጁ ወደተቀበረችበት ወደ ኮረብታው አናት ወጣ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

«አላወቅኩትም፣ ወለላ» አላት። «ኮረብታውን ሰጥቼሻለሁ።»