የጡብ ፈታሹና ጭቃ አቡኪዋ

አንድ የጡብ ፈታሽ ነበር፤ ስሙ ስንሻው ይባላል። ወንዙ በየክረምቱ ሰው እየወሰደ ቢያስቸግር ንጉሡ ድልድይ ማሠራት ጀመሩና የሚመጣውን ጡብ ሁሉ እንዲመረምር ስንሻውን ሾሙት። ድልድዩ ከሰኔ በፊት ማለቅ ነበረበት።

ስንሻው እያንዳንዱን ጡብ በብረት ዘንግ መታ ያደርገዋል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ያሳልፈዋል፤ ድምፁ ከታፈነ ይሰብረዋል፤ የሠራውም ሰው ይገረፋል። ስባሪው ግን ቀን በቀን እየተከመረ ጉብታ አከለ። ንጉሡ ፈታሽ ያነሰ መስሏቸው አራት ሰው ጨመሩ። ሠራተኞቹም ከጅራፍ ለመዳን መጥፎውን ጡብ በደህናው መካከል መደበቅ፣ ጥፋቱንም አንዱ በሌላው ማላከክ ያዙ።

አንድ ቀን፣ ስንሻው ራሱ ባሳለፋቸው ጡቦች የቆመ ምሰሶ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሰው በላዩ ሲሻገር ቢሆንስ ብሎ አሰበ። ዘንጉን አስቀምጦ፣ ረግጦት ወደማያውቀው ወደ ጭቃ ማቡኪያው ወረደ።

እዚያ ውድነሽ የሚባሉ አሮጊት ጭቃ ሲረግጡ አገኛቸው። ጡቡ ለምን እንደሚሰነጠቅ ቢጠይቃቸው፣ ባቄላ የምታህል ነጭ ጠጠር ከጭቃው አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። ፍጠኑ ከተባለ ወዲህ አፈሩ የሚቆፈረው ከቅርቡ ጉድጓድ እንደሆነ፣ ጠጠሩም ኖራ ስለሆነ ከተተኮሰ በኋላ እርጥበት ሲነካው አብጦ ጡቡን ከውስጥ እንደሚፈነቅለው ነገሩት።

“እማማ፣ ይህን እያወቁ ለምን ዝም አሉ?” አላቸው።

“ጌታዬ፣ እኛ ዘንድ የሚመጣው ጅራፍ ነው። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሳይ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።”

ስንሻው አፈረ። በቀጥታ ንጉሡ ዘንድ ሄዶ ጅራፉ እንዲቀር፣ ጉድለት ያየ ሠራተኛም ሁሉ ሥራውን እንዲያስቆም ይፈቀድለት ዘንድ ለመነ።

“ፍተሻ እንድታጠብቅ ብሾምህ ሥራ ይቁም ትለኛለህ?” አሉ ንጉሡ።

“ጃንሆይ፣ እኔ የማየው ከተበላሸ በኋላ ነው። እነሱ ሳይበላሽ ያያሉ።”

ንጉሡ ደስ ባይላቸውም አሥራ አምስት ቀን ሰጡት፤ ነገሩ ካልተሻሻለ ግን መጀመሪያ የሚገረፈው እሱ እንደሆነ አስጠነቀቁት።

በመጀመሪያው ቀን ሥራ ያስቆመ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ አንጋው የተባለ ቆፋሪ እጁን አነሣ፤ ጭቃው ውስጥ ጠጠር አይቷል። ሰዉ ሁሉ ጅራፉን ሲጠብቅ፣ ስንሻው አጠገቡ ተንበርክኮ ጠጠሩን ይለቅም ጀመር። ከዚያች ሰዓት ወዲያ የሁሉም አፍ ተፈታ። አንዱ ወደ ሩቁ ጉድጓድ እንመለስ አለ፤ ሌላዋ አፈሩን በወንፊት የመንፋትን ሐሳብ አመጣች። ጡብ ሠሪዎቹም ማንም ሳያዛቸው፣ የማን ሥራ እንደሆነ እንዲታወቅ በየጡባቸው ላይ የአውራ ጣታቸውን ምልክት ማተም ጀመሩ። አሥራ አምስቱ ቀን ሲሞላ የሚሰበር ጡብ ከስንት አንድ ሆነ። የተሰነጠቀው ምሰሶ ፈርሶ እንደገና ቆመ፤ ድልድዩም በግንቦት ማለቂያ ተጠናቀቀ። በዚያ ክረምት ወንዙ የወሰደው ሰው አልነበረም።

ዛሬ በየፋብሪካው የጥራት አመራር እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት ሥሩ ቢቆፈር የሚገኘው እዚህ ነው፦ ጥራት የሚወለደው ከሠሪው እጅ ነው፤ ሠሪው ደግሞ ያየውን እንዲናገር ፍርሃት ሊነሣለት ይገባል። እርስዎስ በቤትዎ ወይም በሥራ ቦታዎ ጠጠሩን እያየ ዝም ያለውን ሰው መቼ ጠየቁት?