የሩዙ ማሳ ጧሪዎች

በአንድ ወቅት፣ ሩዝ ፎገራ ሜዳ ገብቶ የልጅ ልጅ ባየበት ዘመን፣ ከርብ ወንዝ ዳር እንየው የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። አገሩ አያ እንየው ይላቸዋል። ሚስታቸው ቀድማቸው ሞታለች። ያላቸው አንድ የሩዝ ማሳ ነው፤ ለሦስት ቢቆረስ ለአንዱም የማይበቃ ጠባብ ማሳ።

ሩዝን ልሳደብ አልመጣሁም። ያን ሜዳ ጎርፍ እየዋጠው ጤፍ እምቢ ባለ ጊዜ ሰውን ያቆመ ሩዝ ነው። ጥፋቱ የሰው ነው። ሰዉ ያለ ፋታ ሩዝ በሩዝ ላይ ዘራ፤ ውሃውን እንዳቆረ ከረመ፤ እህሉን ከነገለባው ጠራርጎ ወሰደ፤ ገለባው ለከብት፣ የተረፈው ለገበያ። ለመሬቱ የተመለሰለት ከከረጢት የሚበተን ማዳበሪያ ብቻ ነበር። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። አገሩ ሲልስ ኖረ።

የአያ እንየው ማሳም አረጀ። ማዳበሪያው በየዓመቱ ሲጨመር ምርቱ በየዓመቱ ቀነሰ። አፈሩ ሲታረስ እንደ ጡብ ተጣብቆ ይገነጠላል፤ የተበላሸ እንቁላልም ይሸታል። የምድር ትል የሚባል ከውስጡ ጠፋ። የቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ መጥታ ቆፈረች፣ ዘግና አሸተተች።

«አያ እንየው፣ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ» አለች። «ገለባውን፣ ሥሩን፣ ፍጉን እየበሉ ለሰብሉ ምግብ የሚያደርጉለት እነሱ ናቸው። የእርስዎ ማሳ ውስጥ ያሉት ተርበዋል። ውሃ ሥር አየር አጥተው ታፍነዋል። ብዙዎቹም አልቀዋል።»

«ይድናል?»

«ከጦሩት ይድናል።»

በአገራችን የሽማግሌ መሬት የጧሪው ነው። አብልቶ፣ አልብሶ የቀበረ ልጅ ይወርሳል። አያ እንየው ይህን ልማድ ገለበጡት። ሦስቱን ልጆቻቸውን ሰበሰቡና፣ «እኔን ማን ጦረኝ ብዬ አልቆጥርም፤ እኔስ ሟች ነኝ። ማሳውን የጦረ እሱ ይውረስ። አትቆራርሱት» አሉ። መልካም የተናገሩ መስሏቸው ነበር፤ ምነው ዝም ባሉ።

የበኩር ልጃቸው ባይለየኝ የአምስት ልጆች አባት ነው፤ ማሳውንም የሚያርሰው እሱ ነበር። ያን ዓመት ሩዙ ተወቅቶ ሲያበቃ ገለባውን ወደ ቤቱ አላስገባም። ሁሉንም ማሳው ላይ በትኖ ከአፈሩ ጋር ገልብጦ አረሰው። ቤቱ ግን ሻሼ የምትባል ላም ነበረችው፤ ከአባቱ ከብቶች ዘር የቀረች የመጨረሻዋ፣ ለልጆቹም ወተት። ግጦሹ ሁሉ ሩዝ ሆኗልና በጋውን የምትወጣው በዚያ ገለባ ነው። ሚስቱ፣ «ሽጣት፣ ነፍሷ ሳትወጣ» አለችው። «ሣር እያጨድኩ ለክረምት አደርሳታለሁ» አለ። ከወንዙ ዳር አጨደ፤ ሣሩ አለቀ። ዝናቡም ያን ዓመት ዘገየ። ግንቦት ላይ ሻሼ ወደቀች፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ሊያነሣት ቢሞክር አልተነሣችም። ትንሿ ልጁ የወተት ጣሳዋን እንደያዘች ቆማ ታያለች። ባይለየኝ ከላሟ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የሰፈር ሰው ደግሞ አያርፍም፤ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይተርበው ጀመር።

ሁለተኛዋ ልጃቸው አንጓች ከባሏ ተፋትታ፣ ሴት ልጇን ይዛ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ከማሳው በቀር የሚያበላት የለም። ክረምቱ ሲቀርብ ባይለየኝን፣ «ወንድምዓለም፣ ዘንድሮስ ሩዝ አይዘራበት። ትንሽ ይተንፍስ» ብላ ለመነችው፤ እሺ አላት። ቦይ ቀድዳ ውሃውን አስወጣች። ክረምቱ ሲወጣ ጓያ ዘራችበት።

ጓያ ሥሩ መሬት ያለማል፤ ይህን ባለሙያዋም ገበሬውም ያውቃል። ጓያ ብቻውን ወራት ሙሉ ከተበላ እግር እንደሚሰብርም እዚያ አገር የማያውቅ የለም። ጎረቤቶቿ፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ምን አጣሁ ብለሽ ነው?» አሏት። እሷ ግን በጎተራ የቀረችውን ጥቂት ሩዝ ለአባቷና ለልጇ እየቀቀለች፣ ጓያው ከደረሰ ወዲያ ለራሷ ወራት ሙሉ የጓያ ቂጣና የጓያ ንፍሮ ብቻ በላች። አባቷ፣ «አንቺስ?» ሲሏት፣ «በልቻለሁ፣ አባቴ» ትላለች። መብላቷን እንጂ ምን እንደበላች አትነግራቸውም። አንድ ጠዋት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጉልበቷ ከዳትና መንገድ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ የምትሄደው በሁለት ምርኩዝ ነው፤ እግሮቿ እየተቆላለፉ። የጓያ ስብራት መመለሻ የለውም።

የመጨረሻው ልጃቸው ስማቸው ይባላል። እናቱ ስትሞት ጓሮዋን ለእሱ ተናዝዛለታለች። ጓሮው ከፍታ ላይ ነው፤ ውሃ አይተኛበትም፣ ሩዝም ዘርቶበት የሚያውቅ የለም። እናቲቱ ዕድሜዋን ሙሉ አመድና ፍግ ስትደፋበት፣ ጎመንና በርበሬ ስታበቅልበት ኖራ አፈሩ ጥቁር፣ ፍርክስክስ ያለ፣ ትል የሚርመሰመስበት ሆኗል። ስማቸው እዚያ ላይ ቤት ሊሠራ አስቦ ልጃገረድ አጭቷል። ባለሙያዋ፣ «ያለቁት ጥቃቅን ነፍሳት በራሳቸው ለመመለስ ብዙ ዘመን ይፈጅባቸዋል። ሕይወት ያለው አፈር ከሌላ ቦታ ቢጨመርበት ይፈጥናል» ስትል ሰማ። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይነሣ ያውቃልና ነገሩ ገባው። ጓያው ከታጨደ በኋላ የእናቱን አፈር በአህያ እየጫነ ማሳው ላይ አራገፈ። ሲዝቅ አንዳንዴ የእናቱ የተሰበረ ገል፣ አንዳንዴም የጣለችው አመድ ይወጣል፤ ያኔ አካፋውን አቁሞ ይቆይና እንደገና ይዝቃል። ጓሮው ጉድጓድ ሆነ። ክረምት ሲገባ ውሃ ሞላው። የልጅቷ ወላጆች መጥተው አዩ፤ «ልጃችንን ኩሬ ላይ አናኖርም» ብለው ለሌላ ዳሯት። የሠርጓን ዘፈን ስማቸው ከአባቱ ቤት ሆኖ ሰማው። ይወዳት ነበር።

በዚያው ክረምት ማሳው ላይ ሩዝ ተዘራ፤ አገሩ ቆሞ እስኪያየው ድረስ አማረ። አያ እንየው፣ «ውሰዱኝ» አሉ። ወንዶቹ ደግፈው ወሰዷቸው፤ አንጓች በምርኩዟ ከኋላ ተከተለች። አያ እንየው ከአዝመራው ሥር አፈር ዘገኑና አሸተቱ፤ ከጣታቸው መሀል ትል ተጠቅልላ ወጣች። «ድኗል» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው የአንጓችን እግር አዩ። የባይለየኝን የከሳ ፊት አዩ። ወደ ስማቸው ሲዞሩ ስማቸው አቀርቅሯል።

«ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው» አሉ።

ለማን እንደሚገባ ሳይናገሩ፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ ሞቱ።

ከሰልስቱ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሦስቱ ልጆች የሚዋደዱ ነበሩ፤ ግን የሚላስ የሚቀመስ የሌለው ሰው በፍቅር ብቻ አይኖርም። ሦስቱም ጠየቁ።

ባይለየኝ፣ «ሲራብ ያበላሁት እኔ ነኝ። የልጆቼን ወተት ነው የሰጠሁት» አለ።

አንጓች፣ «እኔ አስተነፈስኩት። እግሬን ትቼበታለሁ። በዚህ እግር ማን ያኖረኛል?» አለች።

ስማቸው፣ «ነፍስ የዘራበት የእናቴ አፈር ነው። እሱን ሰጥቼ አሁን የምቆምበት መሬት የለኝም» አለ።

ሽማግሌዎቹ መከሩ። አንዱ፣ «ለባይለየኝ ብንሰጠው ላም መግዛቱ አይቀርም፤ ላሟ ደግሞ ገለባ ትፈልጋለች» አሉ። ሌላው፣ «አንጓች ማረስ አትችልም፤ ለእኩል አራሽ ትሰጠዋለች። እኩል አራሽ ለሰው መሬት አያዝን፤ ሩዝ በሩዝ እየዘራ መልሶ ይገድለዋል» አሉ። ሦስተኛው፣ «ስማቸውስ? ትዳር የለው፣ ቤት የለው። አንድ ቀን ከፍቶት ወደ ከተማ ቢሄድ ማሳው የማን ሊሆን ነው?» አሉ። እህሉ ተሰብስቦ ለሦስት ተከፈለ፤ መሬቱ ግን ሳይፈረድበት ከረመ። ወንድማማቾቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ደፍተው ማለፍ ጀመሩ። አንጓች ሁለቱንም በየተራ ትጠራለች፤ አንዱም አይመጣላትም።

እንግዲህ ሰኔ ደርሷል፤ ማሳው ዘሪ ይጠብቃል። ፍርዱን ለእናንተ ሰጥቻለሁ። ስትፈርዱ ግን የምትነሡትን ሁለቱን ሰዎች ዓይን ለዓይን እያያችሁ ፍረዱ። አንዱ ላሙን፣ አንዷ እግሯን፣ አንዱ የእናቱን ጓሮና የወደዳትን ልጅ ከፈሉበት፤ ከሦስቱ ማሳውን የጦረው ማን ነው? ለማንስ ይገባል?