የፍልፈል አበባና የጉሬዛ ውርርድ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ልጆችም ትልልቆችም። ከብዙ ዘመን በፊት፣ ስሟን የሚያስታውስ በጠፋ አንዲት ብርዳም አገር፣ እንስሳት እንደ ሰው ቆፍረውና ዘርተው ይበሉ ነበር።

በዚያች አገር መሬት የሚገኘው በዕጣ ነው። ሜዳው ጠባብ ስለሆነ ዕጣው የሚወጣው ለሁለት ለሁለት ነበር። የበልግ ዝናብ ሲጀምር ዳኛው ጎሽ በቀንዱ መስመር እያሰመረ ሜዳውን ይሸነሽናል። ሕጉም አጭር ነው፦ «ክረምት ሳይገባ ዱባ ያፈራ ጥንድ በመሬቱ ይርጋ። ያላፈራ ይልቀቅ። ከሁለቱ አንዱ ሠርቶ አንዱ ተኝቶ ከሆነ፣ መሬቱ የሠራው ነው፤ የተኛው ወደ ድንጋዩ ገደል ይውረድ።» ድንጋዩ ገደል ማለት የሚቆፈር አፈር፣ የሚበላ ቅጠል የሌለበት ስፍራ ነው። ወርዶ የተመለሰ የለም።

ዕጣው ወጣና አያ ፍልፈልና አያ ጉሬዛ ተጣመሩ።

የማይገጥም ጥንድ ቢባል ከእነሱ ወዲያ አይገኝም። ፍልፈል ዓይኑ የማያይ፣ ኑሮው ከመሬት በታች፣ ቃሉ ቁጥብ። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚንጎማለል፣ እግሩ አፈር ነክቶ የማያውቅ፣ አንደበቱ ግን ቅቤ። በመሬታቸው ዳር የቆመው ትልቅ የኮሶ ዛፍ ላይ ወጣና፣

«ወንድሜ ፍልፈል፣ ሥራውን እንካፈል። አንተ ታች ያለውን ሥራ፤ እኔ ላይ ያለውን እጠብቃለሁ» አለ።

«ላይ ምን አለ?»

«ሰማይ አለ ነዋ!»

ፍልፈል ሰማይን የሰረቀ ሌባ ሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም ጭቅጭቅ አይወድም ነበር። አፈሩን ጠጋ ብሎ አሸተተና «አፈር ያውቀኛል፤ እኔም አፈርን አውቃለሁ» ብሎ ወደ ሥራው ገባ።

የዚያ ዓመት በልግ ክፉ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነጭ ይሆናል፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ያም ሆኖ ሁሉም ዱባውንና ጎመኑን ተከለ። ፍልፈልም ተከለ። እሱ ግን በዱባው መካከል፣ በጎመኑ ጥግ፣ በአጥሩ ሥር ሁሉ፣ ማገጥ የሚባለውን ነጭ የሜዳ አበባና ከገደል አፋፍ የለቀመውን ቢጫ የዱር አበባ ዘር በተነ። ውርጭ የማይፈራ፣ በብርድ የሚፈካ አበባ ነው።

ጎረቤቱ እመት ጃርት አየችውና ጮኸች።

«ኧረ ጉድ ኑ እዩ! ዓይን የሌለው አበባ ተከለ! አንተ ሰውዬ፣ አበባ ወጥ ይሆናል?»

«አይሆንም፣ እመት ጃርት።»

«ታዲያ ቁጭ ብለህ ልታየው ነው?»

«እሱም አይሆንልኝም።»

«እና ምን ሊያደርግልህ?»

«እንግዳ ይጠራልኛል።»

ጃርት እሾኋ እስኪንኳኳ ድረስ ሳቀች። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳቀ። ጉሬዛም አብሮ እንዳይሳቅበት ፈርቶ ከዛፉ ላይ «እኔ የለሁበትም! እብደቱ የብቻው ነው! ለራት ሣር ሊያበላኝ ነው መሰል!» እያለ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ።

ፍልፈል «አፈር ያውቀኛል፤ እኔም አፈርን አውቃለሁ» ብሎ ወደ ጉድጓዱ ገባ።

ፍልፈል የሚያውቀው ነገር ነበረው። አምና ከአንድ ያረጀ ዛፍ ሥር ሲያድር፣ ግንዱ ውስጥ የሰፈሩት ንቦች ጉምጉምታ በሥሩ በኩል ወርዶ ይሰማው ነበር። ሲሞቅ ርቀው ይሄዳሉ፤ ሲበርድ ከደጃቸው ፈቀቅ አይሉም። የዱባ አበባ ደግሞ ንብ ካልጎበኘው እሸቱ አውራ ጣት ሳያህል ይጠወልግና ይወድቃል። እንግዲህ ብርዱ ንቡን ከቤቱ ካላስወጣው፣ ቤቱን ከዱባው አጠገብ ማድረግ ነው። ንብን በገመድ ጎትቶ ማምጣት አይቻልም። በአበባ ይለመናል እንጂ።

አበባው ፈካ። ሜዳው በሙሉ ግራጫ ሆኖ ሳለ የፍልፈል መሬት ብቻ ቢጫና ነጭ ሆነች። አንድ ጠዋት የደከመ፣ በብርድ ግማሽ የሞተ የንብ መንጋ መጣና በአጥሩ ሥር የወደቀ ባዶ ግንድ ውስጥ ገባ። ፍልፈል ጉምጉምታውን ሰማ። ነፋሱ በግንዱ ስንጥቅ ሲያፏጭም ሰማ። ቀኑን ሙሉ በአፉና በእጁ ጭቃ እያመላለሰ ስንጥቁን ደፈነላቸው። ንቦቹ ወጥተው ፀጉሩ ላይ ተርመሰመሱ፤ አሸተቱት፤ አልነደፉትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎህ ሲቀድ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ ሲል፣ አንድ ሁለቱ ግንባሩ ላይ አርፈው ሳይሰናበቱት ወደ አበባው አይሄዱም ነበር።

ወራቱ ገፋ። በሜዳው ሁሉ የዱባ አበባ ወጣ፤ ወጣና ጠወለገ፤ ጠወለገና ወደቀ። በጃርት መሬት አንዲት ፍሬ አልቀረችም። በፍልፈል መሬት ግን በአበባው መካከል ዱባው እንደ ተኛ ጥጃ እዚህም እዚያም ተዘርግቷል።

አያ ጉሬዛ ይህን ከላይ አየ። ሕጉም ትዝ አለው፦ የሠራው ይውሰድ፣ የተኛው ገደል ይውረድ። ቶሎ ብሎ ወደ ጃርት አጥር ተንጠላጥሎ መጣ።

«እመት ጃርት፣ ዱባ ትወጃለሽ?»

«ነፍሴ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ስሚ። ዳኛው ሲመጣ ምንም አላየሽም። ነገ መሬቱ የኔ ይሆናል፤ አንቺም ከአጥሬ ሥር ዱባሽን እየበላሽ ትኖሪያለሽ።»

ጃርት አሰበች። የድንጋዩን ገደል አሰበች፤ ዱባውንም አሰበች። «እኔ ድሮም ዓይኔ ደካማ ነው» አለች።

ዳኛው ጎሽ መሬት ሊያይ የመጣው በእኩለ ቀን ነበር። ፍልፈል ሌሊቱን ሲቆፍር አድሮ ከመሬት በታች ተኝቷል። ዳኛው አበባውን አየ፣ ዱባውን አየ፣ ንቡን ሰማና ቆመ።

«በዚህ ብርድ ይህን ያለማ ማነው?»

ጉሬዛ ካባውን አስተካክሎ ከዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ እጅ ነሣ።

«ማን አሰበ? እኔ! ማን አቀደ? እኔ! አበባ ለንብ፣ ንብ ለዱባ ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ጥንድህ ፍልፈልስ?»

«ምስኪን ነው፤ ክፉ አልናገርም። ቆፍር ስለው ይቆፍራል። ዓይን የሌለው ስለ አበባ ምን ያውቃል? ይኸው አሁንም ተኝቷል!»

በፍልፈል አበባ የሳቀው ጎረቤት ሁሉ የያኔውን ሳቁን ረስቶ እልል አለ። «ጉሬዛ! ጉሬዛ! ብልኁ ጉሬዛ!» እያለ መሬቱን ረገጠ።

ረገጣው ፍልፈልን ቀሰቀሰው። ልጆቼ፣ ከመሬት በታች የሚኖር ብዙ ነገር ይለምዳል። ጨለማ ይለምዳል፤ ብርድ ይለምዳል፤ ከአናቱ በላይ ሲሳቅም ይለምዳል። በገዛ ሥራው ላይ የሌላ ስም ሲጠራ መስማትን ግን የሚለምድ የለም።

አፈሩ ተሰነጠቀ። ፍልፈል በዳኛው ፊት ለፊት ብቅ አለና፣

«በሕግ አምላክ!» አለ።

ይህ ቃል ሲጠራ በዚያች አገር የሚራመድ ይቆማል፣ የሚናገር አፉን ይዘጋል። ሁሉም ባለበት ደረቀ። ዳኛው ጎሽ ከኮሶው ሥር ተቀመጠ።

«ተናገር፣ ፍልፈል።»

«አበባውን ያሰብኩት እኔ፣ የዘራሁት እኔ፣ የተሳቀብኝም እኔ። ሲሳቅ ብቻዬን ከነበርኩ፣ ሲመሰገንም ብቻዬን ልሁን።»

«ምስክር አለህ?»

«እመት ጃርት አለች። ስዘራ በዓይኗ ያየችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ሰፈርም ጠርታብኛለች።»

ዳኛው ወደ ጃርት ዞረ። ጃርት መሬት መሬት አየች።

«እኔ እንኳ... በዚያን ጊዜ እሾሄን ሳበጥር ነበር፣ ጌታዬ።»

«በልጉን ሙሉ?»

«ብዙ እኮ ነው እሾሄ!»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ግን ለፍልፈል አልጠቀመውም፤ ምስክሩ ወድቆበታል። ጉሬዛ ይህን ሲያይ ልቡ አበጠ። በዚያች አገር ሙግት ላይ፣ በእውነቱ የሚተማመን ሰው ውርርድ ይጠራል፤ ከውርርድ ሁሉ ከባዱ የማር ነው። ጉሬዛ ካባውን ወደ ኋላ ወረወረና ቅርንጫፉ ላይ እየተንጎራደደ፣

«አንተ ጉድጓድ ጫሪ! እረታሃለሁ! በማር! በገንቦ ሙሉ ማር!» አለ።

ፍልፈል አፈሩን አሸተተ። «በማር ይሁን» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ሕጉን ታውቃላችሁ» አለ ዳኛው፤ «ውርርድ በአፍ አይቀርም። ማሩ ከፊቴ ካልተቀመጠ ፍርድ የለም። ጠሪው ያስቀድማል።»

ጉሬዛ ዙሪያውን አየ። ያ ሁሉ አገር በውርጭ ተመትቶ፣ አበባ የፈካበት አንድ ስፍራ፣ ማርም ያለበት አንድ ግንድ ብቻ ነበር።

«ከየት ታመጣለህ?» አለ ዳኛው።

«ከ... ከቀፎዬ ነዋ! አትክልቱ የኔ፣ አበባው የኔ፣ ንቡም የኔ!»

«መልካም። አምጣ።»

«ሎሌዬ ፍልፈል ያምጣው።»

ፍልፈል አንገቱን ሰበር አደረገ። «ሎሌ ሆኜ ከጌታዬ ማር እንዴት እቀድማለሁ? ነውር አይሆንም? ይቅደሙ እንጂ፣ አያ ጉሬዛ፤ ንብዎ ናፍቆዎታል።»

አሁን ሰዉ የሳቀው በጉሬዛ ነበር። ማፈግፈጊያ አጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ወረደ፤ አፈሩ እግሩን እንዳያቆሽሸው በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ወደ ግንዱ ሄደ። «እኔ ነኝ፣ የናንተው ጉሬዛ» አለና ሁለት እጁን እስከ ክንዱ አስገባ።

ንቦቹ አሸተቱት። የአፈር ሽታ የለውም፤ የጭቃ ሽታ የለውም። ይህ እጅ በብርዱ ቀን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ሳይሆን መስማት ነበር! «ዋይ! ዋይ! የኔ አይደሉም! እምላለሁ፣ የኔ አይደሉም! አበባውም ንቡም የፍልፈል ነው!» እያለ፣ ካባው በንብ ጠቁሮ፣ አፍንጫው እንደ ቅል አብጦ ኮሶው ጫፍ ላይ ወጣ። ግንዱ ውስጥ የገቡት ሁለቱ አውራ ጣቶቹማ አበጡ፣ አበጡ፣ ከዚያ ልክ እንደ ጃርት የዱባ እሸት ጠወለጉና ወደቁ።

ፍልፈል ቀስ ብሎ ወደ ግንዱ ሄደ። ንቦቹ ግንባሩ ላይ አረፉ። እሱም እጁን አስገብቶ፣ የነሱን ድርሻ ሳይነካ፣ ነጭ የማገጥ ማር አወጣና ከዳኛው ፊት አስቀመጠ።

ዳኛው ጎሽ ቀመሰ። «ምስክር ሰማሁ። መሬቱ የፍልፈልና የልጅ ልጁ ነው። ፍልፈል ሆይ፣ የጉሬዛን ካባ አስገፍፌ ልሸልምህ?»

«ካባ ለኔ ምኔ ነው፣ ጌታዬ? ጉድጓድ ውስጥ ይቆሽሻል። አንድ ነገር ብቻ እሻለሁ። ጉሬዛን ባመሰገኑበት ድምፅ ልክ፣ ሳይቀንሱ፣ ስሜን ይጥሩልኝ።»

ሰዉ አፈረ። መጀመሪያ የጮኸችው ጃርት ነበረች፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ «ፍልፈል! ፍልፈል!» አለ። ፍልፈል አላለቀሰም፤ አልሰገደም። ደረቱን ነፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠና «በቃ፤ ደርሶኛል» አለ። ቀጥሎም፣ «ጌታዬ፣ ዘንድሮ ያላፈራው ሁሉ ሰንፎ አይደለም፤ ብርዱ ነው። ማንም ገደል አይውረድብኝ። የአበባ ዘር እሰጣቸዋለሁ» ሲል ለመነላቸው። ዳኛውም ፈቀደ።

እመት ጃርት ዘሩን ልትቀበል ስትመጣ እሾኋ ሁሉ ተኝቶ ነበር።

«ያን ቀን አፌ ውስጥ ዱባ ነበረ፣ አያ ፍልፈል።»

«አውቃለሁ። ዘሩን ውሰጂ። ስትዘሪው ግን ከማን እንዳገኘሽ ተናገሪ።»

ከዚያ ወዲህ በዚያች አገር ያለ አበባ ዱባ የሚተክል ጠፋ። ጉሬዛ ይኸው እስከ ዛሬ አውራ ጣት የለውም፤ መሬት መውረድም ያሳፍረዋል። ፍልፈልም በሠራበት ሁሉ አፈር ከምሮ ያልፋል። ሜዳ ላይ ያን ክምር ስታዩ «እዚህ የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለቱ ነውና በእግራችሁ አትበትኑት።

እኔ የሰማሁትን አውርሻችኋለሁ፤ እናንተም ስታወሩት ከማን እንደሰማችሁ አትርሱ። አባቶችም በዚህ ነገር ላይ እንዲህ ብለዋል፦

ባለቤት ነኝ ማለት ይቀላል፤ ቀፎ ሲከፈት ይለያል።