ኤሊ ለጃርት የቆመች ቀን

ኑማ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡም የሚያባራ አይመስልም። ማንጠግቦሽ፣ እግርሽን ሰብስቢና ለወንድምሽ ቦታ ስጪው።

ድሮ ድሮ ጃርት የሰው ዱባ በላና በአንበሳ ችሎት አንድ ዓመት ተፈረደበት። መብላቱን በልቷል፣ አልካደም። ታሰረ። ክረምቱን ቆጠረ፣ በጋውን ቆጠረ፤ ሊፈታ ሦስት ቀን ቀረው። ሚስቱ ጉድጓዳቸውን ጠርጋ ትጠብቀዋለች።

የወህኒው አለቃ አያ ጅቦ ነበር። ግቢው ውስጥ ላጠፋ እስረኛ ሌላ ዓመት ይጨምራል። ከሳሹም እሱ፣ ዳኛውም እሱ! ጉድ እኮ ነው።

አንድ ጠዋት የእስረኞቹ ስንቅ የሚቀመጥበት ጎጆ ተቦርቡሮ፣ ለነብር የመጣ አጥንት ጠፋ።

ጅቦ ጥንቸልን ጠራት። ጥንቸል ፈርታ ዝም አለች።

«ዝም ያለ አጥፍቷል፤ አንድ ዓመት!»

ዝንጀሮን ጠራው። ዝንጀሮ ማለ፣ ተገዘተ፣ ለፈለፈ።

«የለፈለፈ አጥፍቷል፤ አንድ ዓመት!»

ጃርት ይህን ሁሉ ያያል። ዝም ቢል ጉድ፣ ቢናገር ጉድ። ሦስተኛ እሱ ተጠራ።

«አያ ጅቦ፣ እኔ ነገር አላውቅም። ነገረ ፈጅ ይቁምልኝ።»

ጅቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ነገረ ፈጅማ ለአንበሳ ችሎት ነው። ለታሰረ ደግሞ ምን ችሎት አለው? አንድ ዓ...»

«በሕግ አምላክ!»

ለወንድሟ ልጅ ስንቅ ይዛ የመጣች አሮጊት ኤሊ ናት። በዚያ አገር ይህ ቃል ከተጠራ ወንዝ እንኳ ይቆማል። ጅቦም አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ለጃርት እኔ ቆሜያለሁ» አለች።

«አንቺ? ከበሩ እዚህ ለመድረስ ረፋዱን የፈጀሽ?»

«ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም።» ወደ ጃርት እግር ጎንበስ አለች። «አንተ እግር ብረት፣ ይሄ ጃርት ጎጆውን ቦርቡሯል?»

እግር ብረቱ ተንቃጨለ። «በምን እግሩ? ከግንድ ጋር ጠፍሬ ይዤው! አንድ ክንድ አልተራመደም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ፣ እናቴ?»

ኤሊ ቀና አለች። «አያ ጅቦ፣ የጠፋው ምንድነው?»

«አጥንት ነዋ!»

«ከነዚህ ከሦስቱ አጥንት የሚቆረጥም ማነው?»

ሁሉም ጅቦን አየ። ጅቦ አፉን ጠረገና «ችሎቱ... ችሎቱ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል!» አለ።

ኤሊ ስንቁን እንኳ ሳታደርስ ነገሩን ይዛ ወደ አንበሳ ሄደች። ሰባት ቀን ፈጀባት። አንበሳም ሰምቶ፣ ከዚያ ወዲህ ወህኒ ውስጥ ማንም የሚቆምለት ሳይኖር እንዳይፈረድበት አዘዘ።

ጃርት ከመፈቻው ቀን አራት ቀን አልፎበት ቤቱ ገባ። ጥንቸልና ዝንጀሮ የቀድሞ ፍርዳቸውን ጨርሰው ወጡ፤ አንድ ቀን አልተጨመረባቸውም። ጅቦ ሹመቱን ተገፎ ዱር ገባ። የኤሊ የወንድም ልጅ ግን ስንቁ ሻግቶ ስለደረሰው አክስቱን እስከ ዛሬ ያማታል።

እውነት የሚጠይቃት ካጣች ዝም ትላለች።